ዶሮዋ እየለቀመች ነው

በዚያ ጋራዥ አንዲት ሕግ ነበረች። ዳዶ፣ ያቺ የቡሎን ማሰሪያ፣ ከእጅ ካመለጠች ሥራ ይቆማል። ቁልፍ የያዘ ቁልፉን፣ መዶሻ ያነሳ መዶሻውን እንደያዘ ባለበት ይደርቃል። ያቺ ቁራጭ ብረት ሲሚንቶው ላይ ነጥራ፣ ተንከባላ፣ አንድ ጥግ ገብታ ዝም እስክትል ትንፋሽ የለም። ከዚያ ባለቤቱ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል፣

«ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአሮጌው ጎማ ኋላ» ይላል። ሄደው ሲያዩ እዚያው ናት።

እንግዲህ ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ «ባለጆሮው» ብሎ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው። ሙያውን የተማረው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን አንድ ቁጡ አሮጌ መካኒክ ዘንድ ገብቶ ብረት በናፍታ እያጠበ ነው። ሲያጥብ፣ ሲያቀብል፣ ሲሰደብ፣ እንደገና ሲያጥብ ኖረና አንድ ቀን እጁ ከሱ ቀድሞ የሚያውቅ ሆኖ አገኘው። ጆሮውማ ሌላ ነገር ነበር። ደንበኛ ገና ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲል፣ «ያ ሰውዬ ዘይት መቀየር ረስቷል» ብሎ ጨርቁን ያነሳል። ደንበኛው ደርሶ አፉን ሲከፍት ባለጆሮው ዘይት ማፍሰሻውን ገንዳ ከሥር አስገብቶ ጨርሷል።

ለድምፅ ሁሉ ስም አለው። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ተሰንጥቆ ሲተነፍስ «ሰካራሙ ተኝቷል» ይላል። ጎማ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ሲበላ «ወፍጮ ቤት ተከፈተ» ነው። ከሁሉ የሚወደው ግን የቫልቭን ድምፅ ነው። ቫልቭ ማለት እንግዲህ ሞተሩ የሚተነፍስባት ትንሽ በር ናት። በሯና በሯን በሚገፋው ብረት መሀል ፀጉር የምታህል ክፍተት መኖር አለባት። ክፍተቷ ልክ ስትሆን ሞተሩ ውስጥ ቀስ ያለች፣ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ጥሬ ስትለቅም የመሰለች ድምፅ ትሰማለች። «ዶሮዋ እየለቀመች ነው» ካለ ሥራው አለቀ፣ ሞተር ሳይክሉ ይሄዳል። ክፍተቷ ከሰፋች ባለ ተረከዝ ጫማ ይሆናል፣ ቋ ቋ ቋ፤ ያኔ «ሙሽራዋ መጣች» ይላል። ዝም ካለ ነው የሚያስፈራው። ዝም ያለ ቫልቭ በሩን መዝጋት ያቃተው ነው፤ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ስትወርድ ጋራዡ ውስጥ ነው የተገኘችው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መጫወቻዋ የተበላሸ የሞተር ካንዴላ ነበር። አድጋ ሙያውን እንደምትፈልግ ስትናገር አባቷ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። ቢሆንም እጇን ይዞ ወደ ሥራ በመክተት ፋንታ ሙያ ትምህርት ቤት አስገባት።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ የባለጆሮው የዕድሜ ልክ ወዳጅና ነገር ፈላጊ፣ ያን ጊዜ በሳቅ ሊሞት ነበር። «ዓሣ ነጋዴ ልጁን ዓሣ እንድትገዛ ገበያ ላከ በሉኝ! ቤቱ ሞልቶ!»

«እኔ የማውቀውን ለምን እንደማውቀው አላውቅም» አለው ባለጆሮው። «እሷ ለምኑን ትወቅልኝ።»

ልጅቱም ትምህርት ቤቱን ወደደችው። እዚያ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሆዱ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሞተር አለ። መምህሩ በእጅ ሲያሽከረክሩት ፒስተኑ ሲወጣ፣ ቫልቮቹ ሲከፈቱ ሲዘጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ዕለት አፏን ከፍታ ቀረች። አባቷ ዕድሜ ልኩን በጨለማ ሲያዳምጠው የኖረው ነገር እንዲህ ያምር ኖሯል! እዚያው የክፍተት መለኪያ ያዘች፤ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ቅጠል ውፍረቱ ተጽፎበታል። በዕረፍቷ ወደ ቤት ስትመጣ መለኪያውን ሸሽጋ አመጣችና አባቷ በጆሮው ያስተካከለውን ቫልቭ በማግስቱ በጠዋት ለካችው። ልክ። ሌላውን ለካች። ልክ። ሦስተኛውን ለካች፤ እሱም ልክ። ተመልሳ ለመምህሩ ስትነግራቸው መነፅራቸውን አውልቀው፣ «አባትሽን አምጪልኝና ከተማሪዎቹ ጋር ልቀመጥ» አሉ። የምራቸውን ነበር።

ትምህርቷን ጨርሳ፣ ስሟ ኪሱ ላይ የተጠለፈበት ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ጋራዡ ስትገባ ጎሚስታው ከተቀመጠበት ሳይነሣ እጅ ነሣት። «ኢንጂነር መጡ! ወንበር አምጡላቸው!»

«አንተ ስትነሣ ይገኛል» አለችው። አባቷ ሳቀ። ያ ሳቅ ለብዙ ቀን አልተደገመም።

ምክንያቱም ሞተር ሳይክሎቹ መመለስ ጀምረው ነበር። በዚያ ጋራዥ ተሠርቶ የወጣ ሞተር ሳይክል መመለሱ ታይቶ አይታወቅም። ዳቦ አመላላሹ ሁለቴ መጥቶ ሦስተኛ ሳይመጣ ቀረ፤ ከወዲያ አዲስ የተከፈተው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ አዩት። ከዚያ አዋላጇ መጣች። በየቤቱ እየዞረች እርጉዞችንና አራሶችን የምታይ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ሰማያዊ ሞተር ሳይክሏን አቁማ የራስ ቁሯን አወለቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ እየባሰበት ነው። ትናንት አንዲት አራስ ደጅ ሳቆመው ሕፃኑን ቀሰቀስኩት። እናትየዋ በስንት እሹሩሩ ያስተኛችውን!»

«አሁን ነው ጤነኛ የሆነው» አለ ባለጆሮው። «ቫልቭ መሰማት አለበት።»

«መሰማትማ ይሰማል፤ ከኔ ቀድሞ እኮ ነው የሚደርሰው!»

«ታዲያ ምን ይጎዳሻል?» አለ ጎሚስታው ከደጅ። «ምጥ የያዛት በሩቁ ሰምታ ትበረታለች።»

ሁሉም ሳቁ፤ ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበር። በግልጽ፣ ቋ ቋ ቋ፣ ሙሽራዋ በሲሚንቶ ላይ እየሄደች ነበር። አባቷም ሞተሩ ላይ አጎንብሶ፣ ፊቱን ዘንበል አድርጎ፣ በእርካታ ራሱን ይነቀንቃል።

ሲስተር ሞተር ሳይክሏን አሳድራ ሄዳ ነበርና ልጅቱ በማግስቱ ቀድማ ገብታ ሞተሩ ሳይሞቅ ለካችው። ለዚያ ሞተር ልክ የሆነው ቅጠል ገብቶ ወዲያ ወዲህ ተንቀጠቀጠ። ወፍራሙን ቅጠል ሞከረች፤ እሱም ገባ። ያ ሦስቴ ለክታ ሦስቴ ልክ ያገኘችው ሰው ይህን ሠራ ብሎ ማመን አቃታት።

መልሱን ያገኘችው ፈልጋ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት የሞተር ሳይክል ካቴና ሲያጥብ ከእጇ ዳዶ አመለጠች። ቅልጭ፣ ቅልጭ፣ ቅልልል… ሕጓ ሕግ ናትና እንዳጎነበሰች ደረቀች። ደጅ ላይ ጎሚስታው የጎማ መንፊያውን ይዞ ቆመ። አባቷ ግን ካቴናውን ማጠቡን ቀጠለ። ብሩሹ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዳዶዋ ተንከባላ ከእግሩ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ብሩሹ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ልጅቱና ጎሚስታው ተያዩ። ጎሚስታው አንገቱን ደፍቶ መንፋቱን ቀጠለ።

ማታ ራት ላይ እናቷን በዘዴ ጠየቀቻት። «እማዬ፣ አባዬ ሰሞኑን ስትጠሪው ይሰማል?»

«ሰሞኑን?» አለች እናት ሳህን እየሰበሰበች። «ልጄ፣ አባትሽ ከተጋባን ጀምሮ ሰምቶኝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተሸሸገው። ሰውየው ለሚስቱ ጥሪ ሁልጊዜ ደንቆሮ ስለነበረ የምር መስማት ሲያቅተው ማንም ልብ አላለለትም። ያውም ሰው ሲያወራው ይሰማል፤ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። የራቁበት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የዳዶዋ፣ የዶሮዋ።

አሁን ምን ታድርግ? ብትነግረው ስሙን መንጠቋ ነው። ባትነግረው ደንበኞቹ አንድ በአንድ ዳቦ አመላላሹን ይከተላሉ፤ ስሙ ያለሷም ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሲጨነቅ የሚያደርገውን አደረገች፤ ዝም ብላ ሸፋፈነች። በየማለዳው እሱ ሳይመጣ ትገባና ትናንት ያስተካከለውን ቫልቭ ከፍታ፣ ለክታ፣ ወደ ልኩ መልሳ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ ትዘጋለች። ሞተር ሳይክሎቹም ድምፃቸው ለስልሶ መውጣት ጀመሩ፤ ደንበኞቹ «እጅህን ይባርከው» ይሉታል። እሷ ፊቷን አዙራ ቁልፍ ትጠርጋለች።

የዘነጋችው አንድ ነገር ነበር፤ የአባቷን ጣቶች።

ሲስተር ሰማያዊዋን ሞተር ሳይክል ለመጨረሻ ጊዜ ብላ አሳድራ፣ በማግስቱ ጠዋት ልትወስዳት መጣች። ባለጆሮው ከመስጠቱ በፊት ልቡ እንዲያርፍ ብሎ የቫልቩን ክዳን ከፈተ። ጣቱን አስገብቶ የሚገፋውን ብረት ነካ አደረገው። ደግሞ ነካው። ቀና አለ።

«ይህን ማን ነካው?»

ልጅቱ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አጥብቃ ያዘች። «እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ለምን?»

«ሰፍቶ ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«ለካሁት።»

«ለካሁት!» አለ ወደ ጎሚስታው ዞሮ፣ ምስክር እንደሚጠራ። «ሰማህ? እኔ አድምጬ የዘጋሁትን ከፍታ ለካችው!» ወደ እሷ ተመለሰ። «ትምህርት ቤት የላክሁሽ እኔን እንድትፈትኚኝ ነው እንዴ? እ? ለምኑን እወቂልኝ አልኩ እንጂ ከኋላዬ እየሄድሽ አርሚኝ አልኩ?»

«አባዬ፣ እንደሱ አይደለም…»

«እንዴት ነው ታዲያ? ንገሪኛ!»

እንዴት ብላ ትንገረው? ሲስተር የራስ ቁሯን እንደያዘች መሬት መሬት ታያለች። ባለጆሮው በንዴት ካቻቢቴውንና ቁልፉን አነሣ፣ ማሰሪያዋን ዳዶ በቁልፉ ፈታና አወጣት፤ በሁለት ጣቱ ይዟት እየተወራጨ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ቫልቭ የሚስተካከለው…» ሲል ዳዶዋ ከጣቱ አመለጠች።

ቅልጭ። ቅልጭ። ቅልልልል…

ልጅቱ ደረቀች። የጎሚስታው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሲስተር እንኳ፣ ደንበኛ ብትሆንም ሕጓን ታውቃለች፣ እንዳቀረቀረች ቆመች።

«… በጆሮ ነው!» ብሎ ባለጆሮው ጨረሰ። «በጆሮ! ከአሮጌው መካኒክ ዘመን ጀምሮ…»

ቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሁሉም ሐውልት መስለዋል። ሕጓን ያወጣው እሱ ነው፤ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ለምን እንደዚያ እንደሚደርቅ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀስ ብሎ ጣቶቹን አያቸው። ባዶ ናቸው።

«ወደቀች?» አለ።

«ወደቀች፣ አባዬ።»

ከዚያ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«የት ገባች?»

ልጅቱ በጣቷ አመለከተች። «ከቀዩ የቤንዚን ታንከር ሥር። በስተግራ።»

ማንንም አላዘዘም። ራሱ ተንበርክኮ እጁን ከታንከሩ ሥር ሰደደና አወጣት። ከዚያ የተገለበጠው ሳጥን ላይ ተቀመጠ፤ ዳዶዋን መዳፉ ላይ አድርጎ አያት።

«እኔ'ኮ ዘይቱ ተሻሽሎ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ሞተሮቹ ሁሉ ለስለስ አሉብኝ። ደስ ብሎኝም ነበር በመጀመሪያ። ኋላ ዶሮዋ ስትጠፋብኝ ፈራሁ። ቫልቩ ይቃጠላል አልኩና ለቀቅ አደረግሁት። እስኪሰማኝ። ሌላውንም፣ እስኪሰማኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «ለካ ቫልቩ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው የጠበበው።»

ጎሚስታው አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ለመቀለድ አፉን ከፈተና ተወው፤ ትከሻውን ብቻ ያዘው።

ባለጆሮው ካቻቢቴውን አነሣ፤ እጀታው በእጁ ቅርጽ ያለቀ ነው። ለልጁ ዘረጋላት። «በቃ። እኔ እስከዚህ ነኝ። ከእንግዲህ አንቺ ሥሪው። ሲስተር መንገድ አለባት።»

ልጅቱ ተቀበለችው። ካቻቢቴው ከበዳት። ሌላ ምን ታደርጋለች፣ ሴትየዋ ቆማ ትጠብቃለች። መለኪያዋን አውጥታ ቅጠሉን አስገባች፣ ጠበቅ ለቀቅ አደረገች፣ መምህሩ እንዳሉት ከከባድ መጽሐፍ ሥር ወረቀት ሲስቡ የሚይዘውን ያህል ሲይዝ ዳዶዋን አሰረች። ክዳኑን ዘግታ ሞተሩን አስነሣችው።

ሙሽራዋ ሄዳለች። ዶሮዋ መጥታለች። ሲስተር ፈገግ አለች።

ልጅቱ ግን ፊቷ አልተፈታም። ቋቋታው ሲጠፋ ከሥሩ ተሸሽጎ የነበረ ሌላ ድምፅ ብቅ ብሏል። ቀጭን፣ ቅጭልጭል የሚል፣ አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚሄድ። የተሰነጠቀውን ባለቀለም ሞተር በሐሳቧ ከፍታ እያንዳንዱን ብረት በስሙ ጠራችው፤ ድምፁን ያወጣው የቱ እንደሆነ ግን የትኛውም አልመለሰላትም። ትምህርት ቤት ያ ሞተር አይጮህም ነበር። «ሲስተር፣ ውሰጂው፣ ደህና ነው» ማለት ትችላለች። አባቷ ሳጥኑ ላይ ጀርባውን ሰጥቷል።

«አባዬ» አለች ጮክ ብላ። «ሌላ ድምፅ አለ።»

«እኔ ምን ላድርግልሽ? አይሰማኝም እያልኩሽ!»

«እኔ ይሰማኛል። ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

ባለጆሮው ዞረ። ልጁን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ልታጽናናው እየዋሸች እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ግን ማጽናናት አይደለም፤ የምር ግራ መጋባት ነው። ያንን ፊት ያውቀዋል። አሮጌው መካኒክ ፊት ቆሞ ሳለ የራሱ ፊት ነበር።

«ምን ይላል?»

«ቅጭልጭል ይላል።»

«ይህ ምን ማለት ነው? የምን ቅጭልጭል? ብርጭቆ ነው? ሳንቲም ነው?»

ዓይኗን ጨፈነች። «ቁልፍ። ብዙ ቁልፍ፣ አንድ ላይ የታሰረ።»

ሰውየው ከሳጥኑ ተነሣ። «ጋዝ ስትሰጪው ነው ስትለቂው?»

ጋዝ ሰጠች፣ ለቀቀች። «ስለቀው። ስለቀው ይብሳል።»

«ፍሪሲዮኑን ያዢው። ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«በየት ጎን ነው?»

ዞራ አዳመጠች፣ ተመልሳ አዳመጠች። «በግራ። ከላይ እስከ ታች።»

ባለጆሮው መዳፉን በሞተሩ ግራ ጎን ላይ አሳረፈ፤ ሙቀቱን ሊያይ እንደሆነ ሁሉ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ ታየ። «ዘበኛው ነው!» አለ። «ዘበኛው ቁልፉን ታጥቆ እየዞረ ነው! የውስጡ ሰንሰለት ላልቷል፣ ቫልቮቹን የሚያዞረው። እኔ ነኝ በሙሽራዋ ጫማ የሸፈንኩት። አጥፊው! የመወጠሪያውን ቡሎን ለቀቅ አድርጊ፤ ሞላው ራሱ ይገፋዋል። በኃይል እንዳትነኪው! እሺ። አሁን እሰሪው።»

አሰረችው። አስነሣችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ አባቷ የሷን ፊት እንደ ሞተር ያዳምጠዋል።

«ሄደ» አለች። «ዘበኛው ሄዷል፣ አባዬ!»

«ለካ ቤታችሁ ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው አለ» አለች ሲስተር የራስ ቁሯን እያጠለቀች። ከጋራዡ ስትወጣ ሰማያዊዋ ሞተር ሳይክል ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ የትኛውም አራስ ደጅ ብትቆም ሕፃን የማትቀሰቅስ። ጎሚስታው ተከትሎ እያያት፣ «እንግዲህ ምጥ የያዛት ምን ሰምታ ትበርታ?» አለ። ቀልዱ ተመለሰለት።

ባለጆሮው ካቻቢቴውን ከልጁ እጅ መልሶ ወሰደ። አልጠየቃትም፤ እንደ ድሮው ዘረጋና ወሰደ። «ያንን ቅጠልሽን አምጪው እስቲ» አለ።

ገና ያልተነካ፣ ሞተሩ የቀዘቀዘ አንድ ሞተር ሳይክል ጥግ ቆሞ ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ቅጠሉን አስገባ። እሷ፣ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ወረቀት ሲሳብ ምን እንደሚመስል ልታስረዳው ጀመረች፤ በእጁ ምልክት ዝም አሰኛት። ዓይኑን ጨፍኖ ቅጠሉን ሳበ፣ መለሰ፣ ሳበ። ጣቶቹ በወፍራም ቆዳቸው ውስጥ ሲያስቡ ይታያሉ። ጠበቅ አደረገ፤ እጅግ ጥቂት ለቀቀ፤ ዳዶዋን አሰረ።

ልጅቱ አጎንብሳ ሞከረችው። ትምህርት ቤት ይህን ለመያዝ ስንት ሳምንት እንደፈጀባት አስታወሰች። የሱ ገና በመጀመሪያው ልክ ነበር።

«እጄ እኮ አልደነቆረም» አለ፣ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ተመልሶ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «ጎበዝ ነገር ነው። ማን አሰበው? ያስተማሩሽን ሰውዬ እጃቸውን ይባርከው። አንድ ቀን ይምጡ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ።»

«ታዲያ ስምህ አሁን ምን ሊሆን ነው?» አለ ጎሚስታው። «ባለቅጠሉ እንበልህ?»

«አርፈህ ጎማህን ንፋ!»

ሞተሩን አስነሣው። ሚኒሞውን፣ የዝግታ ዙሩን፣ ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ዘንበል አደረገ፤ ልማድ እንደሆነ ብቻ። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን አያት።

«ዶሮዋስ?»

ልጅቱ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አስጠጋች፤ አልቸኮለችም። ከጭስ ማውጫው ድምፅ ሥር፣ ከውስጡ ሰንሰለት ሹክሹክታ ሥር ፈለገቻት፣ አገኘቻት።

«እየለቀመች ነው፣ አባዬ።»

ባለጆሮው ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን በጨርቁ ጠረገና ሞተሩን አጠፋው።